ሀንጋር ነኝ

ማታ ነው። ግሬናድ። ጋሮን ሞልቶ ያጉረመርማል።
ማዳም ፉርካድ መጡ፤ በሬን አንኳኩተው፣
"ድመቷ ወለደች!" አሉኝ ፈገግ ብለው።
"የት?" አልኳቸው። "ሀንጋር።"
ጣታቸው ወደ ጓሮ፣ ወደ ድርቆሹ ዳር።

ሀንጋር?
ቱሉዝ ያለው ነው እኔ የምውልበት፣
አንዲት ብሎን ጠፍታ ሥራ የሚቆምበት፣
ጄት ከነክንፉ ገብቶ ጠጠር የሚያህልበት፣
ዝንብ ያለ መታወቂያ የማያልፍበት።
ድመት እዚያ ምን አላት? ማንስ አስገባት?

ባትሪዬን አብርቼ ተከተልኳቸው በጭቃ።
ቆርቆሮው የዛገ፣ ምሰሶው የነቃ፣
የወይን በርሜል፣ ገመድ፣ የማረሻ ስባሪ፣
የትራክተሩ ወንበር ላይ አንዲት ዶሮ አዳሪ።
"ይኸው" አሉ፣ "ሀንጋር"።

ሳቄን ዋጥኩት። ቃሉ የእኛ መስሎኝ፣ የባለ ክንፎቹ፣
እሳቸው የተዋሱት ለመንደር ነዶዎቹ።
ላርማቸው ቃጣኝ።
ደግነቱ ፈረንሳይኛዬ ቶሎ አይደርስልኝም፤
ስንቴ ከውርደት አድኖኝ፣ አላመሰገንኩትም።

ከዚያ ባትሪዬ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ
አንድ የብረት ቀለበት፣ እንደ አውራ ጣት ወፍራም።
"አያቴ ናቸው" አሉ፣ "ፈረስ ያሰሩበት፣
ሰኮና አንስተው ብረት የመቱበት።"

ሌሊት የባላቸውን መዝገበ ቃላት ገለጥሁ፣
ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፤ እስኪነጋ አነበብሁ።
ሊቃውንቱ ያን ቃል ይጎትቱታል፣
እንደ ድንበር መሬት ይካሰሱበታል።
አንዱ "ፍራንክ ነው" ይላል፣ "ጥንት ነው ዘመኑ፣
ቤትና አጥር ሲጋቡ የወለዱት ነው እሱ።"
ሌላው "የለም" ይላል፣ "ላቲን ነው አባቱ፣
ፈረስ ጫማ የሚለብስበት ዳስ ነው ጥንቱ።"
ሦስተኛው "አይታወቅም" ብሎ ነጥብ አኖረ፤
እኔ እሱን ወደድኩት፣ ሳይዋሽ ያደረ።

ቀለበቷም ማስረጃ አይደለችም። አውቃለሁ።
ብረት ናት። እንቅልፍ ግን ነሳችኝ።

ሳስበው፦ ሸራ ክንፍ፣ የሽቦ ጅማት፣
ዝናብ ሊመጣ ሲል ማን ደጅ ይክፈትላት?
ገበሬው ላሙን "እስቲ ጠጋ በይ" አላት፤
እንግዳዋ ገባች፣ ስሙም ቀረላት።

ሲነጋ ሥራ ገባሁ። የጎማ ቅየራ።
ጃኩ ከሆዷ ሥር፣ እግሯ ከመሬት ርቆ፣
ብሬኩ ገና ትኩስ፣ ጎማው ተልጦ አልቆ።
ጎንበስ ብዬ ሳቅፈው አያትየው ታዩኝ፣
በከንፈራቸው ሚስማር፣ በጭናቸው ሰኮና፣
ባዝራዋን "ቁሚ" ሲሉ፣ "አይዞሽ፣ አበቃ፣ ደህና"።
እኔም ሳላስበው ጎኗን መታ መታ፣
"ቁሚ" አልኳት።
ቲቦ ገርሞት አየኝ፣ ቁልፉን ይዞ፣ ለአፍታ።

እራት ላይ ማዳም ጠየቁ፦ "በአገርህስ ምን ትሉታላችሁ?"
"ሀንጋር።"
"አውሮፕላኑንስ?" "አውሮፕላን።"
ባዶ እጄን የመጣሁ እንግዳ መሰልኩ።
"ሰማይ ላይ ያለውንስ፣ የምንተነፍሰውን?"
"አየር!" አልኩ፣ ኮራ ብዬ። "ይህ ከግዕዝ ነው።"
ሳቁ። ባላቸው ግሪክኛ ያስተምሩ ነበር።
"እሱማ የግሪክ ልጅ ነው፣ አየር።"

ሹካዬን አስቀመጥሁ።
አንዱ ወንድም ጥንት መጣ፣ በብራና ላይ፣ በእግሩ፣
ቅዱስ ቃል በሚተረጉሙ እጆች፣ ከነክብሩ።
ሌላው ትናንት ደረሰ፣ ሞተሩን እያጓራ።
አየር እና አውሮ።
ምላሴ ላይ አርባ ዓመት ጎን ለጎን ሲያድሩ፣
ስማቸውን ስጠራ፣ እንጀራም ሲያበሉኝ ሲኖሩ፣
አላወቅኋቸውም። ቃሉ ራሱ
ዓይኔን አውሮ።

እሑድ ስልክ ጮኸ። ቲቦ ነው። "የት ነህ?"
ጉልበቴ ድርቆሽ ላይ፣ ባትሪው በብብቴ፣
አምስት ዓይን ያልገለጡ መዳፌን ሲልሱ።
"ሀንጋር ነኝ" አልኩት።
"በበዓል? የትኛው? ቁጥሩ ስንት?"
"ቁጥር የለውም" አልኩ።
"ቀለበት ነው ያለው።"